በተራራ ከተማ ያለን ጠማቂ ምግብ ቤት በምን እንመዝነው?

የደጋ መንገደኛ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች። ጎብኚ በሚበዛባቸው የተራራ ከተሞች ውስጥ ቢራቸውን እዚያው ጠምቀው ከምግብ ጋር የሚያቀርቡ አነስተኛ ቤቶችን የምትወዱ ሁሉ ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ ይህን ርእስ ከፍቻለሁ። ስለ እንደዚህ ያሉ ቤቶች የሚጻፈውን ሳነብ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው የምድጃውን እሳት፣ የእንጨቱን ጣሪያና በመስኮት የሚታየውን ሸንተረር የሚያወድስ ጽሑፍ ነው። እነዚህ ነገሮች ደስ እንደሚያሰኙ አልክድም፤ ቀኑን ሙሉ በብርድ ሲጓዝ የዋለ ሰው ሞቅ ያለ ክፍል ቢናፍቅ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የሞቀ ክፍልና ያማረ እይታ ማንኛውም ምግብ ቤት ሊኖረው ይችላል። ጠማቂ ምግብ ቤትን ከሌላው የሚለየው ቢራውና ምግቡ በአንድ ጣሪያ ሥር መሠራታቸው ስለሆነ፣ ቤቱ መመዘን ያለበት ወጥ ቤቱና መጥመቂያው ምን ያህል ይተዋወቃሉ በሚለው ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምን ለማለት እንደፈለግሁ በምሳሌ ላስረዳ። በቅርቡ የተመገብኩበት አንድ ቤት ከጥቂት ጠረጴዛዎች በላይ አልነበረውም፤ የመጥመቂያውን ጋኖች ከመመገቢያው ክፍል የሚለያቸውም አንድ መስታወት ብቻ ነበር። ከሾርባው ጋር የቀረበልኝ ዳቦ ሲቆረስ የብቅሉ ገለባ በውስጡ ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ ለካ ከጠመቃ የተረፈውን አተላ አድርቀውና ፈጭተው ከዱቄቱ ጋር ቀላቅለውት ኖሯል። ሥጋው ለረጅም ሰዓት የበሰለው በቤቱ ጥቁር ቢራ ነበር። አስተናጋጇ ሳህኑን ካስቀመጠች በኋላ ከዚያው ጥቁር ቢራ በትንሽ ብርጭቆ አምጥታ «መጀመሪያ ሥጋውን ይቅመሱ፣ ከዚያ ይህን ይጠጡበት፤ ካልተስማማዎት ሌላ አመጣለሁ» አለችኝ። የመረቁ ጣፋጭነት የቢራውን ምሬት አለዘበው፤ ምሬቱ ደግሞ ስቡን ከምላሴ ላይ ጠራርጎ ለሚቀጥለው ጉርሻ አዘጋጀኝ። ያ ማዕድ ሌላ ቦታ ሊቀርብ የሚችል አልነበረም።

በአንጻሩ ቢራቸው ግሩም ሆኖ ሳለ ምግባቸው ከየትኛውም ሆቴል ዝርዝር የተቀዳ የሚመስል ቤቶች ብዙ ናቸው። አስተናጋጁ የትኛው ቢራ ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚሄድ ሲጠየቅ «ሁሉም ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። እናንተስ በምን ትመዝናላችሁ? ከፍታው ራሱ በቢራውና በምግቡ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ካለም ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ጠማቂው

እንደምን ዋሉ፣ የደጋ መንገደኛ። ሥራዬ ጠመቃ ስለሆነ ስለ ከፍታ ባነሱት ጥያቄ ልጀምር። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግን በየ300 ሜትሩ በግምት 1 ዲግሪ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ 2,500 ሜትር ላይ ያለ መጥመቂያ የብቅሉን ጭማቂ የሚያፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ለጠማቂ ብዙ ነው። ሆፕስ (ለምሬትና ለመዓዛ ቢራ ላይ የሚጨመረው አበባ) ቢራን መራራ የሚያደርገው በውስጡ ያለው አሲድ በሙቀት ባሕርዩን ሲለውጥ ነው፤ የሙቀቱ መጠን በ10 ዲግሪ ሲወርድ የዚህ ለውጥ ፍጥነት ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይቀንሳል። ስለዚህ የተራራ ጠማቂ ወይ ረዘም ላለ ጊዜ ማፍላት ወይም ሆፕሱን መጨመር አለበት። ከቆላ የመጣን የአሠራር መመሪያ ሳያስተካክል የሚከተል ሰው ያሰበውን ምሬት አያገኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሽታ ነው። ከፈዛዛ ብቅል የሚወጣና የተቀቀለ በቆሎ የሚመስል ሽታ ያለው ንጥረ ነገር አለ፤ ይህ በእንፋሎት ተንኖ የሚወገደው ጭማቂው አጥብቆ ሲንተከተክ ነው። ከፍታ ላይ ፍላቱ ለዓይን የበረታ ቢመስልም ሙቀቱ ዝቅ ያለ በመሆኑ ሰዓቱን ያሳጠረ ጠማቂ ያንን ሽታ በብርጭቆው ውስጥ ያስቀረዋል። በተራራ ከተማ ፈዛዛ ላገር (በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚብላላ) ቢራ ስታዙ መጀመሪያ አሽትቱት፤ የበቆሎ ሽታ ከሌለውና ንጹሕ የእህል መዓዛ ካለው ጠማቂው ቦታውን አውቆ ሠርቶበታል ማለት ነው።

ሦስተኛው አረፋ ነው። 2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቢራው ከቧንቧው ሲወጣ ጋዙ ፈጥኖ ያመልጣል። ብርጭቆው ግማሹ አረፋ ሆኖ ቢቀርብላችሁ አስተናጋጁን ለመውቀስ አትቸኩሉ፤ የጋዙ መቆጣጠሪያ ለከፍታው አልተስተካከለ ይሆናል። አረፋው ከጠፋ በኋላ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ዳንቴል የመሰለ ነጭ ክር እየተወ ከወረደ ብርጭቆው በደንብ ታጥቧል። ከፈሳሹ ሥር በግድግዳው ላይ ተጣብቀው የቀሩ አረፋዎች ካሉ ግን ብርጭቆው ላይ ቅባት ወይም የሳሙና ቅሪት አለ። ቢራው ቅቤ ቅቤ የሚል ከሆነ ደግሞ ወይ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ተቸኩሎበታል፣ ወይም ቧንቧው በጊዜው አልጸዳም። የድራፍት ቧንቧ በየ14 ቀኑ መታጠብ አለበት፤ መቼ እንደታጠበ መጠየቅም ነውር የለውም። ሥራውን የሚያውቅ ቤት በጥያቄው ደስ ይለዋል።

ውሃውንም አልረሳውም። ከጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ሥር የሚፈልቅ የተራራ ውሃ ማዕድኑ አነስተኛና ለስላሳ ሲሆን፣ የኖራ ድንጋይ አቋርጦ የሚመጣው ግን በተቃራኒው ከባድ ነው። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1842 ዮሴፍ ግሮል የተባለው የባቫሪያ (የዛሬዋ ደቡብ ጀርመን) ጠማቂ በቦሄሚያዋ (በዛሬዋ ቼክ) ፒልሰን ከተማ ወርቃማውን ላገር የሠራው በከተማዋ ለስላሳ ውሃ ነው። ስለዚህ የአካባቢው ውሃ ለስላሳ በሆነበት ተራራ ፈዛዛውን ቢራ አስቀድሞ መቅመስ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ከባድ በሆነበት ደግሞ ጥቁሩ ብቅል ውሃውን ስለሚያመጣጥነው ጥቁሩ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ከምድጃው ዳር

ጠማቂው ያሉትን በወጥ ቤት በኩል ላሟላ፤ እኔ በምግብ አብሳይነት የምሠራው ከፍ ባለ ቦታ ነው። ውሃው በ92 ዲግሪ ሲፈላ ባቄላውም ሥጋውም የሚበስለው በዚያው ሙቀት ነው፤ እሳት ብንጨምርበት ውሃው ይተናል እንጂ አይሞቅም። ስለዚህ በደረቅ ጥራጥሬ የሚሠራ ሾርባ በቆላ ከሚፈጅበት ጊዜ እጅግ የበለጠ ይፈልጋል፣ ወይም በግፊት ድስት መሠራት አለበት። ሊጡም ቢሆን አየሩ ስለሚሳሳ ቶሎ ይነፋል፤ እርሾው ካልተቀነሰ ወይም ጊዜው ካላጠረ ዳቦው ምድጃ ውስጥ ይወድቃል። ጎብኚዎች «ምግቡ ዘገየ» ብለው የሚጽፉትን ሳነብ አዝናለሁ፤ ተራራ ላይ በጥሩ ሁኔታ የበሰለ ነገር የሚገኘው ጠዋት ተጥዶ ከሆነ ብቻ ነው። ለዚህም ነው አጭር የምግብ ዝርዝር ያለው ቤት የሚሻለው። ብዙ ዓይነት ምግብ የሚደረድር ትንሽ ቤት አብዛኛውን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ እያሞቀ መሆኑ አይቀርም።

በቢራ ስለ ማብሰል ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። መራራ ቢራ ድስት ውስጥ ሲገባ ውሃው እየተነነ ምሬቱ ግን እየጠነከረ ይሄዳል፤ ሰዓታት በሚፈጅ ሥጋ ላይ እንዲህ ያለ ቢራ የጨመረ አብሳይ መጨረሻ ላይ መድኃኒት የሚመስል መረቅ ያገኛል። ለማብሰያ የሚሆነው ብቅሉ የጎላና ሆፕሱ ያነሰ ቢራ ነው። የቤቱ አብሳይ ከጠማቂው ጋር ይነጋገር እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በቢራ የተሠራውን ወጥ ይዘዝና ምሬቱን ይቅመስ።

የደጋ መንገደኛ ያነሱት የአተላ ዳቦም ቀላል ሥራ አይደለም። ከ100 ሊትር ቢራ 20 ኪሎ ገደማ እርጥብ አተላ ይወጣል፤ በቶሎ ካልደረቀ ወይም ካልቀዘቀዘ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይኮመጥጣል። አብዛኛው ለከብት መኖ ይሄዳል፤ ወጥ ቤት የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ነው። ያችን ጥቂት ለማትረፍ አብሳዩ በጠመቃው ቀን ከጋኑ አጠገብ መገኘት አለበት። ዳቦው በማዕድ ላይ ከቀረበ ሁለቱ ሠራተኞች በአንድ ቀን መቁጠሪያ ይመራሉ ማለት ነው።

የሦስት ልጆች እናት

የቀደሙትን ጽሑፎች በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ብዙም ተምሬባቸዋለሁ። ነገር ግን የደጋ መንገደኛ የሰጡት መመዘኛ ቢራ ለሚጠጣ ሰው ብቻ የተሰፋ መስሎ ታይቶኛል። እኔ አልጠጣም፤ ባለቤቴም መሪ የሚይዝ ከሆነ አይጠጣም፤ ልጆቻችንም አብረውን ይመገባሉ። በተራራ ከተማ ውስጥ ምሽት ላይ ሞቅ ብሎ ክፍት ሆኖ የሚገኘው ቤት ብዙውን ጊዜ ይኸው ጠማቂ ምግብ ቤት ስለሆነ እኛም እዚያው እንገባለን። ለእኛ የሚቀርበው ምንድን ነው? ከፋብሪካ የመጣ ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ፣ እርሱም ያለ በረዶ፣ ያለ አንዲት ቃል ማብራሪያ። አጠገባችን ያለው ጠረጴዛ ስለ እያንዳንዱ ቢራ ረጅም ገለጻ ሲደረግለት ለእኛ ጠርሙሱ ተከፍቶ ይቀመጥልናል።

ስለ ክፍሉ ምቾትም የተነገረው ቀለል ያለ ይመስለኛል። ድንጋይ ግድግዳ፣ የብረት ጋንና ከፍ ያለ ጣሪያ ያለበት ቤት ሲሞላ ድምፁ እየተጋጨ ይመለሳል፤ ከአጠገቤ ከተቀመጠች ልጄ ጋር መነጋገር አቅቶኝ የተነሣሁበት ቤት አለ። ምቹ የሚባለው ቤት መጋረጃውን፣ የጠረጴዛውን ልብስ፣ በመቀመጫዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ያሰበበት ቤት ነው። ይህንን እንደ ጌጥ አልቆጥረውም።

የደጋ መንገደኛ

እመቤቴ፣ ስለ ጻፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ያነሱት ነጥብ ሐሳቤን ያሰፋዋል እንጂ አያፈርሰውም። የራሱን ብቅል የሚያፈላ ቤት እርሾ ከመጨመሩ በፊት ካለው ጣፋጭ የብቅል ጭማቂ ቀድቶ፣ አቅልሎና ጋዝ ጨምሮበት አልኮል የሌለው መጠጥ ማቅረብ ይችላል፤ ያ መጠጥ ከዚያው ጋን የወጣ ስለሆነ ከምግቡ ጋር ያለው ዝምድና የቢራውን ያህል ነው። ይህን ያላደረገ ቤት ወጥ ቤቱንና መጥመቂያውን አላገናኘም ብዬ ብናገር የራሴን ሚዛን መጠቀሜ ነው። ስለ ድምፁ ያሉትን ግን በሙሉ እቀበላለሁ፤ ማዕድ ያለ ጭውውት ጎዶሎ ነው።

የጤና ባለሙያዋ

ርእሱ ስለ መመገብ ቢሆንም ከፍታ ከተነሣ አይቀር ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። ከ2,500 ሜትር በላይ ወደሆነ ቦታ በአንድ ቀን የወጣ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ሊገጥመው ይችላል። ለተጓዦች የሚሰጠው የተለመደ ምክር በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ከአልኮል መታቀብ ነው፤ ምክንያቱም አልኮል በእንቅልፍ ጊዜ አተነፋፈስን ያዳክማል፣ የከፍታ ሕመም ምልክቶችም ከስካርና ከማግስቱ ራስ ምታት ጋር ስለሚመሳሰሉ ሰውየው የታመመ መሆኑ ሳይታወቅ ይቀራል። ተራራ ላይ የጠጣ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን ከፍታ ላይ ስለሆነ ብቻ አይጨምርም፤ ቶሎ የሰከረ የሚመስለው በድካሙ፣ በውሃ ጥሙና በአየሩ መሳሳት ነው።

መጠኑንም መገመት ይገባል። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ ጠማቂ ቤቶች የሚያዘወትሩት 7 በመቶ የሆነ ቢራ በግማሽ ሊትር ብርጭቆ ሲቀርብ ግን ከ27 ግራም በላይ ነው። «አንድ ብርጭቆ ብቻ» ያለ ሰው ሁለት ጠጥቷል ማለት ነው። ገደል ገደሉን በሚጠማዘዝ መንገድ ወደ ማደሪያው የሚመለስ አሽከርካሪ ይህንን ቢያውቅ መልካም ነው። በደረሱበት ምሽት ሾርባውን፣ ዳቦውንና የሦስት ልጆች እናት የጠየቁትን የብቅል መጠጥ፣ ቢራውን ደግሞ በሦስተኛው ቀን እንዲያዙ እመክራለሁ።

የድሮ ነገር ወዳድ

ምግብና ቢራ በአንድ ቤት መቅረባቸውን ዛሬ እንደ ተራ ነገር ብናየውም በሕግ የተለያዩበት ዘመን ነበር። በባቫሪያ በ1553 በወጣ ድንጋጌ መሠረት ከሚያዝያ 23 እስከ መስከረም 29፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ ቢራ መጥመቅ ተከልክሎ ነበር፤ በሙቀት የተጠመቀው ስለሚበላሽና የመጥመቂያ እሳት ቃጠሎ ስለሚያስነሣ ነው። ጠማቂዎች በብርዱ ወራት የሠሩትን የሙቀቱን ወራት ለማሻገር ከመሬት ሥር ቆፍረው ማከማቻ ሠሩ፤ መሬቱ እንዲቀዘቅዝም ከላዩ ጥላው ሰፊ የሆነ ዛፍ ተከሉ። ሕዝቡ ደግሞ ከጥላው ሥር ተቀምጦ ከማከማቻው የወጣውን ቀዝቃዛ ቢራ መጠጣት ጀመረ። ገበያቸው የተነካባቸው የምግብ ቤት ባለቤቶች ስላጉረመረሙ ንጉሥ ማክሲሚሊያን ቀዳማዊ ዮሴፍ በጥር 1812 ጠማቂዎቹ በማከማቻቸው ደጃፍ ቢራ እንዲሸጡ ፈቀደ፣ ከዳቦ በስተቀር ምግብ እንዳያቀርቡ ግን ከለከለ። በዚያ አገር ከዛፍ ጥላ ሥር ቢራ በሚሸጥባቸው የአትክልት ቦታዎች እስከ ዛሬ ሰዎች የራሳቸውን ምግብ ይዘው የሚገቡት ከዚያ ዘመን በተረፈ ልማድ ነው።

ይህን ያነሣሁት የደጋ መንገደኛን ሐሳብ ስለሚደግፍ ነው። የጠማቂው ሥራና የአብሳዩ ሥራ ለረጅም ጊዜ የተለያዩና የሚፎካከሩ ሙያዎች ስለነበሩ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ስለገቡ ብቻ ይስማማሉ ማለት አይቻልም። የሚያስማማቸው ሰው ያስፈልጋል።

አስተናጋጅ በተራራው

ያ ሰው ብዙ ጊዜ አስተናጋጁ ነው፤ ስለዚህ እኔም ልናገር። እንግዳ ሲጠይቀን «ሁሉም ጥሩ ነው» የምንለው ባለቤቱ ቢራውንም ምግቡንም አስቀምሶን ስለማያውቅ ነው። ሠራተኞቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት አዲሱን ቢራ ከዕለቱ ምግብ ጋር የሚቀምሱበት ቤት ውስጥ ስገባ ሥራዬ ሁሉ ተለወጠ፤ እንግዳው ፊት ቆሜ የምለው ነበረኝ።

ለእንግዶችም የምለምነው ነገር አለ። በቱሪስት ከተማ ሁሉም ሰው ከተራራው የሚወርደው በአንድ ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቱ በአንድ ጊዜ ይሞላል። በዚያን ጊዜ ስለ እያንዳንዱ ቢራ ማስረዳት አንችልም፣ ብንፈልግም። ቀደም ብሎ መምጣት ወይም ቦታ ማስያዝ ለእንግዳውም ለእኛም ይጠቅማል። ብዙ ሰው ሆናችሁ ስትመጡ ደግሞ በስልክ ብትነግሩን አብሳዩ ሥጋውን ጠዋት ይጥድላችኋል፤ ከምድጃው ዳር እንዳሉት ማታ የተነገረን ትእዛዝ ከፍታው አያደርሰውም።

አዲስ ገቢ

ጤና ይስጥልን። ጽሑፋችሁን ተከታትያለሁ፤ ወደ እንዲህ ያለ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ልሄድ ነው። ቢራዎቹ ብዙ ከሆኑ በየትኛው ልጀምር? ቀኑ ብሩህ ከሆነስ በረንዳው ይሻላል ወይስ ውስጥ?

ጠማቂው

እንኳን ደህና መጡ። ሙሉ ብርጭቆ ከማዘዝዎ በፊት በትንንሽ ብርጭቆ የሚቀርብ ናሙና ካለ ይጠይቁ፤ ከፈዛዛውና ከቀላሉ ተነሥተው ወደ መራራው፣ በመጨረሻም ወደ ጥቁሩና ወደ ጠንካራው ይሂዱ። ተገልብጦ ከተጀመረ ቀላሉ ቢራ ውሃ ይመስላል። ከስንዴ የተሠራውን ለሰላጣና ለዓሣ፣ ቀይ ብቅል ያለበትን ለተጠበሰ ሥጋ፣ ጥቁሩን ለረጅም ሰዓት ለበሰለ ሥጋ ወይም በመጨረሻ ለቸኮሌት ኬክ ይሞክሩት። ቃሪያ ከበዛበት ምግብ ጋር መራራውን አይዘዙ፤ ምሬቱና ጋዙ ማቃጠሉን ያባብሱታል፣ ብቅሉ የጎላው ግን ያለዝበዋል። ብርጭቆው በበረዶ ደንድኖ ከመጣ በክፍሉ ሙቀት ያለ ሌላ እንዲሰጥዎ በትሕትና ይጠይቁ። ላገር ከ4 እስከ 7 ዲግሪ፣ ሌሎቹ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሲሆኑ ነው መዓዛቸው የሚወጣው።

በረንዳውን በተመለከተ፣ ምግቡን እዚያ ይመገቡ፤ ብርጭቆውን ግን ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል፤ አዲስ የወረደ በረዶ መሬት ላይ ካለ ደግሞ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን መልሶ ያንጸባርቃል። ይህ ብርሃን የሆፕሱን መራራ ንጥረ ነገር ስለሚሰብረው በጠራ ብርጭቆ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቢራ በደቂቃዎች ውስጥ መጥፎ ሽታ ያወጣል፤ እንግዳውም ጠማቂውን ይወቅሳል። ጃንጥላ ያለበትን ጠረጴዛ ይምረጡ፣ ከሌለ ትንሽ እየቀዱ እንዲያመጡልዎ ይንገሯቸው።

አዲስ ገቢ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጃንጥላው ሥር ቦታ እንዲይዙልኝ ዛሬውኑ እደውላለሁ፤ ሥጋውንም ጠዋት እንዲጥዱት እነግራቸዋለሁ።